የቆስጣው ትኩሳት

በአትክልት መጋዘኑ ውስጥ ሁሉም «እትዬ መዳፍ» የሚላት አንዲት ሴት ነበረች። እናቷ ያወጣችላትን ስም የሚያስታውስ ሰው አልነበረም፤ እሷም ብትሆን በዚያ ስም የጠራት ቢኖር ዞር ማለቷን እንጃ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ቅጠል ስትደረድር ኖራለች። እጇን እስከ ክርኗ ሳጥን ውስጥ ትከትና ዓይኗን ጨፈን አድርጋ፣ «ይኼ ነገ ጠዋት ይውጣ፤ ያኛው እስከ ዓርብ ይቆያል» ትላለች። ያለችው ዝንፍ አይልም። ሠራተኛው ሁሉ «አባባ» የሚላቸው ሽማግሌው የመጋዘን ኃላፊ እንኳ፣ ግድግዳው ላይ ያለው የሙቀት መለኪያ ሌላ፣ የእሷ መዳፍ ሌላ ሲናገር የሚያምኑት መዳፏን ነበር።

ይህ ሁሉ እንግዲህ ታናሽ እህቷ እስክትመጣ ድረስ ነው።

ታናሿን በጀርባዋ አዝላ ያሳደገቻት እሷ ናት። እናታቸው አልጋ ስትይዝ ትልቋ ከአራተኛ ክፍል ወጥታ ሥራ ገባች፤ ትንሿ ተማረች። ስለ ሰብል አያያዝ ተምራ ወረቀቷን ይዛ ስትመጣ፣ ለአሠሪው «እህቴ ናት፣ አይቀጥሩልኝም ወይ ጋሼ?» ብላ እጁን የሳመችለትም ትልቋ ናት። ማን አስገደዳት? ማንም።

ታናሿ ጫፉ እንደ መርፌ የሾለ ቴርሞሜትር ይዛ ገባች። ሳጥኑን ወጋ፣ ቁጥሩን አየት፣ ደብተሯ ላይ ጻፍ ታደርጋለች። በሳምንቱ ሠራተኛው «ባለመርፌዋ» አላት። በወሩ አሠሪው ወደ ቅጠል ክፍል ሲገባ መጀመሪያ የሚጠይቀው፣ «ባለመርፌዋ የት አለች?» ሆነ። በዓመቱ እትዬ መዳፍ እጇን ሳጥን ውስጥ ስትከት ሰው ዞር ብሎ አያያትም።

ቅናት ደግሞ እንደ ሌላ በሽታ ሐኪም ጋ አይኬድበትም። «ምንሽን ነው የሚያምሽ?» ቢሏት ምን ትበል? «ያሳደግኋት ልጅ ተመሰገነችብኝ» ትበል? ስለዚህ ዋጠችው። የዋጠችው ግን ሆዷ ውስጥ ዝም ብሎ አልተቀመጠም።

አባባ ጡረታ ሊወጡ አንድ ወር ሲቀራቸው ነገሩ ባሰ። የመጋዘኑን ቁልፍ ማን እንደሚረከብ አልታወቀም ነበር። ሊረከቡት የሚችሉት ሁለት ሰዎች ብቻ መሆናቸውን ግን ግድግዳውም ያውቃል።

በዚያ ሰሞን ታናሿ ቅጠል ክፍሉ በር ላይ ወረቀት ለጠፈች፤ «የበሰለ ፍራፍሬ ወደዚህ ክፍል ማስገባት ክልክል ነው» የሚል። ጫኙ፣ ወሬ ስለማያድርበት «ራዲዮ» የሚሉት ሰውዬ፣ ጮክ ብሎ አነበበው።

«ምነው፣ ሙዝ ምን በደለሽ?» አላት።

«ሙዙ አይደለም፣ የሚለቀው ነገር ነው» አለች ታናሿ። «ቅጠል ከተቆረጠ በኋላ የሞተ እንዳይመስልህ። ይተነፍሳል። ሲተነፍስ ያጠራቀመውን ስኳር ያቃጥላል፣ ሲያቃጥል ደግሞ ይሞቃል። የምናቀዘቅዘውም ትንፋሹ ቀስ እንዲል ነው።»

«እሺ፣ ይተንፍስ። ሙዙስ?»

«ተክል ውስጥ ሆርሞን የሚባል አለ። መልእክት በለው። ሥሩ ለቅጠሉ ‹ገና ነህ፣ አታርጅ› እያለ የሚልከው አለው። ቆስጣውን ስትቆርጠው ያ መልእክት ይቀራል። የሚበስል ሙዝ ደግሞ ሌላ ሆርሞን አየር ላይ ይለቃል፣ ኤቲሊን ይሉታል። እሱ ቅጠሉ ጋ ሲደርስ ‹በቃህ፣ አርጅ› ይለዋል። ቅጠሉም ይታዘዛል። ትንፋሹ ይፈጥናል፣ ትኩሳት እንደያዘው ሰው ይሞቃል፣ ቢጫ ይሆናል።»

«አሃ!» አለ ራዲዮ ራሱን ይዞ። «ጎረቤቴ ሙዝ ነጋዴ ነች። ለካ ፀጉሬ ያለ ዕድሜው የሸበተው በሷ ነው!»

ሠራተኛው ሳቀ። እትዬ መዳፍ ግን አልሳቀችም።

«አሥራ ዘጠኝ ዓመት እዚህ ቤት ስሠራ» አለች፣ «ሙዝ ቅጠልን ሲያዝ አላየሁም። መቼ ነው የተሾመው? ሙዝና ቆስጣ ጎን ለጎን ያደሩበት ቀን ሞልቷል። ማንም አላረጀም።»

«እትዬ፣ አንድ ሌሊት ሌላ፣ ሦስት ቀን ሌላ ነው። በተዘጋ ክፍል ደግሞ…»

«አንቺ ገና በአፍሽ ወተት እያለ እኔ ቅጠል…»

«እስቲ ዝም በሉና ስሙ!» የሚል ድምፅ ከኋላ መጣ። አሠሪው ነው። «የተማረ ሰው ሲናገር መስማት ነው እንጂ መዳፍ መዳፍ ማለት ምንድን ነው? ከዛሬ ጀምሮ ወረቀቱ ላይ ያለው ይከበር።»

እሷ መዳፏን ሽርጧ ላይ ጠረገችው። ያልቆሸሸ መዳፍ።

ሰኞ ትልቁ ትእዛዝ መጣ። ስልሳ ሳጥን ቆስጣ፣ በዚያው ቀን ገብቶ ሐሙስ ጠዋት ለአንድ ትልቅ ሆቴል የሚጫን። አሠሪው ሁለቱን እህቶች አቁሞ፣ «ይኼን ጭነት ባለመርፌዋ ትያዘው፤ አንቺ ደርድሪላት» አለ። ቀጥሎም አባባን እያየ፣ «በደህና ከወጣ የቁልፉ ነገር አለቀ ማለት ነው» ብሎ ወጣ።

ደርድሪላት! የራሷን ልጅ የምታክል ልጅ። እትዬ መዳፍ ጥርሷን ነክሳ ሳጥን አነሳች።

ሳጥኑን እያነሳች አሰበች፤ አሳቧ ደግሞ እንዲህ ነበር። ወረቀቱ ውሸት ነው። ውሸት መሆኑን ደግሞ በአፍ ቢናገሩት ማንም አይሰማም፤ በዓይን ማሳየት ነው። ከጎን ካለው የፍራፍሬ ክፍል፣ ብስል ያለ፣ ነጠብጣብ የጀመረው ሙዝ፣ አራት ሳጥን አምጥታ ክምሩ ሆድ ውስጥ ትደብቃለች። ቆስጣው ሦስት ቀን ከሙዝ ጋር ይተኛል። ሐሙስ ጠዋት አሠሪው፣ አባባ፣ ሾፌሩ፣ ሁሉም በቆሙበት ቆስጣው ለምለም ሆኖ ሲወጣ፣ ሙዙን ጎትታ ታወጣና፣ «ይኸውላችሁ ሆርሞናችሁ!» ትላለች። ከዚያ ወረቀቱ ይቀደዳል። ከወረቀቱ ጋር ምን ምን እንደሚቀደድ ግን ለራሷም አልነገረችም።

ቆስጣውን ለማበላሸት አልነበረም። ይህን መድኃኔዓለም ያውቃል። ቆስጣ ማበላሸት ለእሷ ልጅ መምታት ነው። እንዳይበላሽ እርግጠኛ ስለነበረች ነው ያደረገችው፤ ጥፋቱም እሱ ነው።

ሰዉ ለምሳ ሲወጣ አራቱን የሙዝ ሳጥን አስገባች፣ ጆንያ አለበሰቻቸው። ከዚያ እንዳይታዩ ቆስጣውን ዙሪያውን ጥቅጥቅ አድርጋ ደረደረችው። ሌላ ጊዜ ብርዱ እንዲያልፍ በሳጥንና በሳጥን መካከል አራት ጣት ታስቀር ነበር፤ አሁን አንድ ጣት አላስቀረችም። እጇ የሚገባበት አንዲት ቀዳዳ ብቻ ከግድግዳው በኩል ተወች።

ከሰዓት በኋላ ራዲዮ አፍንጫውን እያነፈነፈ ገባ። «ሙዝ ሙዝ አይሸታችሁም?»

«ቁርስህን አፍህ ላይ ትተኸው መጥተህ ነው» አለችው። «ሂድና ተጉመጥመጥ።»

እውነትም ቢሆን የፍራፍሬው ክፍል ግድግዳ ለግድግዳ ስለነበር የሁሉም ልብስ ሙዝ ይሸታል። ማንም ልብ አላለውም።

ማክሰኞ እጇን በቀዳዳው ሰደደችው። አሪፍ ነው። ቀዝቃዛ። ደስ አላት። እንዲያውም ሥራ ላይ አንጎራጎረች፤ እህቷ ሰምታ፣ «እትዬ፣ ምን ተገኘ?» ስትላት፣ «ሰው ሲሠራ አያንጎራጉርም?» አለቻት።

ረቡዕ ጠዋት ደግሞ ሰደደችው።

እጇ እስከ ክርኗ ሳይገባ ቆመ። ሙቀት አለ። ብዙ አይደለም፣ ሌላ ሰው ቢሆን አይለየውም ይሆናል። እንደ ታመመ ልጅ ግንባር ነው፤ ልጁ ገና «አመመኝ» ሳይል እናት የምታውቀው ዓይነት። ጠለቅ ስታደርገው ባሰ። እርጥብ ነው፣ ያልበዋል። ጣቷ አንድ ቅጠል ቆንጥጦ ወጣ። ጠርዙ ላይ ቢጫ ክር አለው።

አሥራ ዘጠኝ ዓመት ቅጠል ሲሞቅ ታውቃለች፤ ፀሐይ ላይ የዋለ፣ እርጥብ ሆኖ የታሰረ፣ መኪና ላይ ያደረ። ይኼኛው ግን ከውጭ የገባ ሙቀት አልነበረም። ከራሱ ከቅጠሉ ነው የሚወጣው። ከሙዙ አጠገብ ያሉት ከሁሉ የባሱ፣ ወደ ዳር ያሉት የተሻሉ። መዳፏ አንድ በአንድ ነገራት። እህቷ ያለችው ሁሉ፣ ቃል በቃል፣ እዚያ ጨለማ ውስጥ ነበር።

አሁን መናገር ነበረባት። አሁን ሙዙ ቢወጣ፣ ሳጥኑ ቢፈታና ብርድ ቢገባበት አብዛኛው ይተርፍ ነበር። ወደ በሩ ዞረች፤ አፏም ተከፍቷል።

በበሩ ታናሿ ገባች፤ ከኋላዋ አሠሪው። ታናሿ መርፌዋን እጇ የሚደርስበት ዳር ያለ ሳጥን ላይ ሰካች። «አራት ዲግሪ ጋሼ። ከሰኞ ጀምሮ አልተነቃነቀም።»

«ጎበዝ!» አለ አሠሪው። «ሳይነካኩ፣ ሳይበጠብጡ። ሥራ ማለት እንዲህ ነው።» ከዚያ ወደ እትዬ መዳፍ ዞር ብሎ እየሳቀ፣ «አየሽ? አንቺ እስከ ክርንሽ የምትቆፍሪውን እሷ በአንድ ጣት ትጨርሰዋለች። በስተርጅና ከታናሽሽ ተማሪ እንጂ!» አላት።

ታናሿ አንገቷን ደፋች። ደፋች እንጂ፣ ከንፈሯ ላይ ደስታ ነበር። እትዬ መዳፍ ያንን ከንፈር አየችው። በጣቷ እያጎረሰች ያሳደገችው ከንፈር ነው።

የተከፈተው አፏ ተዘጋ። «አራት ዲግሪ ነው አለች አይደል» አለች በልቧ። «መርፌዋ ይናገራ። እኔን ማን ጠየቀኝ?»

ያን ቀን ዋለች፣ ሄደች፣ አልተናገረችም። ከሰዓት በኋላ ሁለት ጊዜ ወደ ክምሩ ተጠጋች፣ ሁለት ጊዜ ተመለሰች። እጇን ግን አልሰደደችውም፤ እጇን ፈርታው።

ሐሙስ ከሁሉም ቀድማ ደረሰች። አባባ ከፍተውላት ወደ ቢሯቸው ሲገቡ፣ ከግድግዳው በኩል ያሉትን ሳጥኖች ፈታ አራቱን የሙዝ ሳጥን አወጣችና ወደ ቦታቸው መለሰች። ሙዙ ጠቁሯል። ከክምሩ የወጣው ትንፋሽ ፊቷን መታት፤ ሞቃት፣ የታሸገ፣ የአልጋ ቁራኛ ክፍል የሚሸተውን የሚመስል። መልሳ ደረደረችው። ምን ታድርግ? ከዚያ በኋላ የሚቀረው መጠበቅ ብቻ ነው።

መኪናው መጣ። የመጀመሪያዎቹ አሥር ሳጥኖች ደህና ነበሩ። አሥራ ሁለተኛውን ራዲዮ አንሥቶ፣ «ውይ፣ ይሞቃል» አለ። ሾፌሩ ክዳኑን ገለጠ። ቆስጣው ቢጫ ሆኖ ተኝቷል፤ ውሃ አውጥቷል። ቀጣዩም። የቀጣዩ ቀጣይም። ከስልሳው ሠላሳ አምስቱ።

አሠሪው የጮኸውን መጻፍ ደስ አይልም። «ማሽኑን ማን ነው የነካው? አራት ዲግሪ አላልሽኝም? ወረቀት ይዤ መጣሁ ብለሽ ነው የምትጫወቺብኝ?» አላት ታናሿን። ታናሿ መርፌዋን የቢጫው ሳጥን ሆድ ውስጥ ሰካችና አየችው፤ አሥራ ዘጠኝ። እንደገና ሰካችው፤ ያው አሥራ ዘጠኝ። ፊቷ አመድ መሰለ።

አሠሪው ወደ አባባ ሄዶ ቁልፉን ከእጃቸው ወሰደና መጥቶ በእትዬ መዳፍ መዳፍ ላይ አኖረው። «ያዢው። አሮጌ ሰው ይሻላል።»

ሰዉ ሁሉ እያያት ነበር። አሥራ ዘጠኝ ዓመት የጠበቀችው ነገር እጇ ላይ ነው፤ ያውም እህቷ እያየች። ደስታው ይመጣል ብላ ጠበቀች። ቀረ።

ሰዉ ተበተነ። ታናሿ የተገለበጠ ሳጥን ላይ ተቀምጣ ደብተሯን ታገላብጣለች። ትልቋ አጠገቧ ቆመች። መሄድም አቃታት።

«ሦስት ቀን ጽፌዋለሁ» አለች ታናሿ ሳታያት። «አራት፣ አራት፣ አራት። ዳር ዳሩን ብቻ ነው የወጋሁት። አንቺ እጅሽን ብትከቺ ያን ጊዜውኑ ታውቂው ነበር።»

«ለምን አልጠየቅሽኝም ታዲያ?»

«በእህቷ እጅ ነው የምትሠራው እንዲሉኝ? ገና እንደገባሁ ‹የእትዬ መዳፍ እህት› ነበርኩ። ስም አልነበረኝም። አንቺ እጅሽን ስትከቺ ሁሉም ዝም ብሎ ይጠብቃል፤ እኔ ቁጥር ስነግራቸው ‹እትዬስ ምን አለች?› ይሉኝ ነበር። አንጀቴ ነበር የሚቃጠለው።»

ትልቋ መዳፏን ገልብጣ አየችው። ይቺ ልጅ ቀንታባታለች ማለት ነው? በዚህ በተሰነጣጠቀ መዳፍ?

ታናሿ ተነሥታ ወደ በሩ ሄደች። ወረቀቱን ከጥግ ያዘችው። «እንግዲህ እኔ የማውቀው ነገር የለም። ሙዝም አልነበረም፣ ሙቀቱ ግን መጣ። የተማርኩትም ውሸት ሳይሆን አይቀርም። ደብተሩ ላይ ‹ምክንያቱ አልታወቀም› ብዬ ጽፌ እወጣለሁ።»

ወረቀቱ ከጥጉ ቀርር ብሎ መቀደድ ጀመረ።

«አትቅደጂው!»

ድምፁ ከየት እንደወጣ ትልቋ ራሷም አላወቀችም። እህቷ ብትዋረድ ትችለው ይሆናል፤ እግዜር ይቅር ይበላት፣ ሲሆን አይታ ዝም ብላ ነበር። ግን መዳፏ የነካውን፣ እውነት መሆኑን የምታውቀውን ነገር፣ ደብተር ላይ «አልታወቀም» ተብሎ ሲጻፍ መቆም አቃታት። የታወቀ ነገር ነዋ! ያወቀችው ደግሞ እሷ ናት።

«ሙዝ ነበረ» አለች። «አራት ሳጥን። ክምሩ ሆድ ውስጥ። ሰኞ እኔ ነኝ ያስገባሁት፣ ዛሬ ጠዋት እኔ ነኝ ያወጣሁት።»

ታናሿ ዞረች።

«ወረቀትሽ ውሸት መስሎኝ ነው። ሰው ፊት ላሳፍርሽ ነበር። ረቡዕ ጠዋት እጄን ስሰድ ሙቆ ነበር። ያልሽው በሙሉ ነበር፤ ከሙዙ አጠገብ ያለው የባሰ፣ የራቀው የተሻለ፣ ትንፋሹ እጅ ላይ የሚታወቅ። ልነግርሽ ዞሬ ነበር። አሠሪው ሲያመሰግንሽ… ከንፈርሽ…» ተወችው። «ዝም አልኩ።»

«ረቡዕ?» አለች ታናሿ። «ረቡዕ አብዛኛው ይተርፍ ነበር እኮ።»

«አውቃለሁ።»

«የኔ እህት! የኔ እህት ናት እንዲህ የምታደርገኝ?»

ትልቋ ልትነካት እጇን ዘረጋች። ታናሿ ወደ ኋላ አለች። እንደዚያ ወደ ኋላ ስትላት አይታ አታውቅም፤ በልጅነቷ ስትገርፋት እንኳ ጉያዋ ውስጥ ነበር የምትደበቀው።

እትዬ መዳፍ ከዚያ በኋላ አልቆመችም። ግቢውን አቋርጣ አሠሪው ቢሮ ገባች፣ ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች፣ ለእህቷ የነገረችውን አንድ ሳታስቀር ደገመችለት። አላለቀሰችም፣ ይቅርታም አልጠየቀችም፤ ግትር ናት። «ጥፋቱ የኔ ነው፤ ልጅቷ ልክ ናት» ብላ ብቻ ቆመች። እዚያው ቢሮ ተቀምጠው የነበሩት አባባ ራሳቸውን ነቅንቀው፣ «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች አሉ» አሉ። አሠሪው፣ «ውጪልኝ፣ ነገ እንዳላይሽ» አለ።

ከኋላዋ በሩ ላይ ታናሿ ቆማለች። ዓይኗ ቀልቷል።

«አትባረርም ጋሼ» አለች። «መርፌዬ ያልደረሰበት እጇ ደርሷል። እሷ ከሌለች እኔም ነገ እንዲሁ እሳሳታለሁ።» ትልቋ ልቧ ቀለጠ፤ ይቅር አለችኝ ብላ። ታናሿ ግን አልጨረሰችም። «ግን ቅጠል ክፍል እኔን ሳታስፈቅድ እግሯ አይረግጥም። አንድ ጊዜም።»

«ማነሽ አንቺ እኔ የማስፈቅድሽ?» ልትል ነበር እትዬ መዳፍ። ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። አሠሪው ቁልፉን አንሥቶ ለታናሿ ሰጣት።

ያን ቀን ሁለቱ አብረው ወደ ቤት አልሄዱም። ታናሿ ቀድማ ሄደች፤ ትልቋ ቢጫውን ቆስጣ ብቻዋን ለከብት አርቢዎች ስትጭን አመሸች።

ዓርብ ጠዋት ቅጠል ክፍሉ በር ላይ ደረሰች። አሥራ ዘጠኝ ዓመት በክርኗ ገፍታ የገባችበት በር ነው። ራዲዮ ከማዶ ሳጥን ተሸክሞ ቆሞ ያያታል፤ እስከ ምሳ አገር እንደሚያዳርሰው ታውቃለች። እጇን አነሳች፣ አወረደች። ቅናቱ እዚያው ነው፣ ንቅንቅ አላለም፤ እንዲያውም ከትናንት ብሶበታል፤ ልጅቷ አሁን ቁልፍም አላት፣ እውነትም አላት። ግን ከበሩ ወዲያ አዲስ ቆስጣ ገብቷል፤ ሲተነፍስ ማወቅ አማራት።

አንኳኳች።

ከውስጥ ኮቴ ተሰማ፣ ቆመ። ሰምታታለች። አልከፈተችም።

«ማን ነው?» አለች ታናሿ ቆይታ።

«እኔ ነኝ።»

«እኔ ማን?»

እንደማታውቅ! ራዲዮ ሳቁን ሊያፍን አንገቱን ሳጥኑ ውስጥ ቀበረ። እትዬ መዳፍ ፊቷ ጋለ።

«የሠራተኛ ሰዓት አታባክኚ! ልግባ ወይስ ልመለስ?»

በሩ ገርበብ አለ። ታናሿ አላየቻትም፤ ደብተሯን እያየች ነበር።

«ግቢ» አለች። «በሩን ቶሎ ዝጊው፣ ብርዱ ይወጣል።»

ገባች፤ ዘጋችውም።